እትዬ የተቀመጡበት ድንጋይ

ባሌ ንጹሕ ሰው ነው። ይህን ስል እያመሰገንኩት እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ሲሠራ ኖሮ ሱቁን ለልጃችን ካስረከበ በኋላ፣ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቆ ያጥባል። አንድ ቀን እኔንም አጥቦ ያሰጣኛል ብዬ ስፈራ ተራው የወንዙ ሆነ።

ወንዙ የሚያልፈው በጓሯችን ነው። ትልቅ አይደለም፤ ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ መሻገር ይቻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ለመሻገር የሚደፍር አልነበረም። የሰፈሩ ሰው የማይፈልገውን ሁሉ እዚያ ነበር የሚጥለው፤ የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ ፍራሽ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም መሪው ያልተነቀለ መኪና።

ባሌ ሱቁን ያስረከበ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለህም አለው። ምንም የሌለው ሰው እህል አይበላም እንዴ? ተጨነቅኩ። አንድ ጠዋት ግን ጓሮ ወጥቶ ወንዙ ዳር ያለውን ፌስታል ይለቅም ጀመር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተርቦ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ፌስታል የጣለውን ሁሉ እየረገምኩ፣ በልቤ ደግሞ አመሰግነው ነበር።

የወንዙ ወዳጆች ማኅበር የተወለደው እንዲህ ነው። እሱ ሊቀመንበር ሆነ። እኔ ምክትል ነኝ፤ ማለትም እሱ የሚረሳውን አስታውሳለሁ፣ እሱ ሊረሳው የሚገባውን አስረሳለሁ። የሕዝብ ግንኙነቱ ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረ ጎረቤታችን ነው፤ ድምፁ ሦስት ፌርማታ ስለሚሰማ ጥሩምባ እንለዋለን። ተቆጣጣሪያችን ደግሞ የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ ናቸው። ምን እንደሚቆጣጠሩ ደንቡ አይናገርም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ይቆጣጠራሉ። ወንድማቸው እንኳ አንቺ ሊላቸው ደፍሮ አያውቅም።

እና ወንዙ እየጠራ፣ እኛም እየተኩራራን ሳለን፣ አንድ ወሬ መጣ። ከተማው ወንዙን ቱቦ ውስጥ ከቶ ላዩን መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቧል። ምክንያቱን ስንጠይቅ "የሞተ ወንዝ ነው፣ የሞተ ደግሞ ይቀበራል" አሉን። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ነገር ተፈቀደልን፦ የውሃ ባለሙያ መጥታ ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው ያለውን ትመርምር፤ በሕይወት አለ ካለች ክፍት ይተዋል፣ የለም ካለች ይደፈናል።

ባሌ ያን የሰማ ቀን ወንዙ ዳር ፌስታል ሲለቅም ዋለ። ማታ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ወንዙ ከተቀበረ ይህ ሰው አብሮት እንደሚቀበር ያኔ ገባኝ።

ባለሙያዋ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት አባላቱን ሁሉ ጓሮ ሰበሰበ። ዓይኑ ያበራል። ጠርጥሬ ነበር።

"እንግዳ ሊመጣ ነው" አለ። "ድንጋዮቹን ተመልከቱ። ሁሉም አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሰዋል። ይህን አይታ ቆሻሻ ነው ብትልስ?"

"እና ምን እናድርግ?" አለ ጥሩምባ።

ባሌ ከሱቁ ያመጣውን ካርቶን ከፈተ። የሸሚዝ ኮሌታ የሚታሽበት ብሩሽ ነው፣ ሙሉ ካርቶን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሙሉ ቀን የወንዝ ድንጋይ ስንፈትግ ዋልን። እኔ "አንተ ሰውዬ፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሃውን እጠቡ በለን" እያልኩ ተሳደብኩ፤ እየተሳደብኩም ፈተግኩ። አንዱን አንስተን፣ ገልብጠን፣ ሥሩን ሳይቀር አሽተን እንመልሳለን። ሳሙና አልነካንም፤ በማኅበራችን ሳሙና ወንዝ ውስጥ መክተት ክልክል ነው።

እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ በገባ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ይቆጣጠሩን ነበር። "ያቺን ዘለልካት። እሷን አይደለም፣ ከጎኗ ያለችውን። ዓይን የለህም?" ወደ ማምሻው ሁሉም ታጥቦ አለቀና ጥሩምባ ብሩሹን ይዞ እፊታቸው ቆመ። የቀረችው የተቀመጡባት ብቻ ናት።

"ምነው?" አሉት እትዬ።

"አይ... እንዴት ዋሉልን ለማለት ነው" ብሎ ዞሮ ሄደ። ሌላም የደፈረ የለም።

ስንጨርስ ድንጋዮቹ የተላጠ እንቁላል መስለዋል። ባሌ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አያቸው። "እስቲ አሁን ማን ነው ሞቷል የሚለው?" አለ። ያን ማታ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ተኛ።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ የጎማ ቦት አድርጋ፣ መረብና ሰፊ ነጭ ሳህን ይዛ መጣች። ባሌ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ጠበቃት። ጥሩምባ ንግግሩን ጀመረ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው፣ እሷ ግን ግማሹ ላይ ትታው ወንዙ ውስጥ ገባች። አንድ ድንጋይ አንስታ ገለበጠች፤ ሥሩን አየች፤ መለሰችው። ሌላ አነሳች። ሌላ። ግንባሯ እየተቋጠረ ሄደ።

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?" አልኳት።

"ነዋሪዎቹ" አለችኝ። "ጤነኛ ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ትንንሽ የነፍሳት እጮች ይኖራሉ። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው የሚበሉት። እነሱ ካሉ ወንዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። የኔ ሥራ እነሱን መፈለግ ነው።" የያዘችውን ድንጋይ ወደ ፀሐይ አዞረችው። "ውሃው ጥሩ ይመስላል። ግን እንዲህ ዓይነት ድንጋይ አይቼ አላውቅም። መርዝ የተደፋበት ወንዝ እንኳ እንዲህ አይነጣም።"

 ዞር ብዬ ባሌን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ደም የሚባል አልቀረም። ጥሩምባ እንደምንም ድምፁን ቀንሶ "ጎርፍ ነው ያጠባቸው እንበላት" አለ። እሱ ቀነስኩ ያለው ድምፅ ታችኛው ድልድይ ድረስ ይሰማል፤ ደግነቱ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ውሃውን በመረቧ እያንቦጫረቀች ነበር።

ባሌ በተወለወለ ጫማው ውሃው ውስጥ ገባ።

"እኔ ነኝ ያጠብኳቸው" አለ።

"ምን አሉኝ?"

"አጠብኳቸው። በብሩሽ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። አጠፋሁ።"

ሴትዮዋ ጤነኛ ነው ወይ እንደማለት ወደኔ አየች። እውነቱን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

"በሳሙና?" አለችው።

"ሳሙናማ ክልክል ነው" አለ፤ በዚያ ሁሉ መሃል ክብሩ ተነክቶ።

ይህን ሰው ካገባሁት ጀምሮ "አጠፋሁ" ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ "ብዬህ ነበር" የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እንደ ተማሪ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳየው ግን አንጀቴን በላው። ዋጥኳት። እስከ ዛሬም አልወጣችም።

"አባቴ" አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿ ለስለስ ብሎ፣ "እኔ መናገር የምችለው ያየሁትን ነው። ያልታጠበ የለም? አንድ እንኳ?"

"የለም" አለ ባሌ። "ሥራ በጅምር አልተውም።"

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጥሩምባም ዞረ። ባሌም ዞረ። እትዬ እንደ ወትሮው ጠፍጣፋዋ ድንጋያቸው ላይ፣ በጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል።

"ምን ታፈጡብኛላችሁ?" አሉ። "ፊቴ ላይ ምን አለ?"

ባሌ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፍ ጀመር። ጥሩምባ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ድንጋይ ፈትጉ ሲባሉ ይፈትጋሉ፣ አንዲት ሴት ተነሺ ማለት ግን ያቅታቸዋል። እኔም ብሆን እትዬን ከተቀመጡበት ተነሱ ያለ ሰው በሕይወት ስለመኖሩ እርግጠኛ አልነበርኩም። ባሌን አየሁት። ጫማው ውሃ ሞልቷል።

"እትዬ" አልኩ፣ "በሞቴ፣ ይነሱልን።"

"ከየት?"

"ከድንጋዩ።"

ጃንጥላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። 

"አንድ ቀን ብቀመጥ በዛ?" አሉ በመጨረሻ።

"አልበዛም። እርስዎ ስለተቀመጡባት ሳትታጠብ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የቀረን ተስፋ እሷ ናት።"

እትዬ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ወንድማቸውን፣ ከዚያ ድንጋይዋን አዩ። "ታዲያ ይኼ ቀድሞ አይነገርም? ኑ ያዙኛ" አሉ፣ ጃንጥላቸውን እያጠፉ።

እኔና ባሌ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን አነሳናቸው። ጥሩምባና ባለሙያዋ ድንጋዩን ከውሃው ጠርዝ ፈነቀሉና በአንድ ጎኑ አቆሙት። 

ሥሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጥፍር የማያክሉ ጠፍጣፋ ፍጥረቶች፣ ጭራቸው ሦስት የሆነ፣ ከብርሃኑ ለመሸሽ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት አጣብቆ ለራሱ ቤት ሠርቷል። ባሌ ሙሉ ልብሱን ረስቶ ውሃው ውስጥ ተንበረከከ።

"እነዚህ ናቸው?" አለ።

"እነዚህ ናቸው" አለች። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

እትዬ አጎንብሰው ነጩን ሳህን አዩ። "እኔ ይኼን ሁሉ ጉድ ሥሬ አድርጌ ነው የዋልኩት?" አሉ፤ ቀጥለውም ጥቂት አስበው "እንደ ዶሮ ታቅፌያቸው ነበራ" አሉ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ ባሌ እዚያው በተንበረከከበት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቄ ከልቅሶዬ ጋር ተቀላቀለብኝ።

"አንዷ ብቻዋን አትበቃም" አለች ባለሙያዋ ስትሄድ። "ከአንዷ ሥር ይህን ያህል ካለ ግን ሌሎቹም ጋ ይመለሳሉ። ከወር በኋላ መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ ብሩሽ የያዘ ሰው ወንዙ ዳር እንዳላይ።"

ያ ወር ለባሌ ፈተና ነበር። ብሩሾቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ፤ ራሱን አላመነም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፤ በየጠዋቱ ወጥቶ የእትዬን ድንጋይ ይጎበኛል። ለእትዬ የሳሎናችንን ባለ መደገፊያ ወንበር አውጥቶ ወንዙ ዳር አስቀመጠላቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ድንጋዩ አይመችም እያሉ አማረሩ። እየቆየ ድንጋዮቹ መለምለም ጀመሩ። ያ ለአንዲት ነጠብጣብ ከሰው የሚጣላ ሰውዬ "ነይ እስቲ፣ ያቺኛዋም አበቀለች" እያለ፣ ልጁ ጥርስ ያወጣችለት ይመስል እየጎተተ ያሳየኛል።

ባለሙያዋ ተመለሰች። ከላይኛው ድልድይ ጀምራ እስከ ታችኛው እየገለበጠች ወረደች። እኛም በወንዙ ዳር እንደ አጃቢ ተከተልናት። ስትጨርስ ሳህኑን ለባሌ አቀበለችው። ሞልቷል። "ወንዛችሁ በሕይወት አለ" አለች። "ያየሁትን እናገራለሁ ብዬዎት አልነበር?"

ቱቦው መቅረቱ የተነገረን በሳምንቱ ነው። ጥሩምባ ድልድዩ ላይ ወጥቶ "ወንዙ አይቀበርም!" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። ለከተማው ሁሉ ማለት ይሻላል።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ሁላችንም ጓሮ ተቀምጠን ነበር። ልጃችን የሆቴል አንሶላ አጥቦ፣ በገመዱ ሙሉ አስጥቶ፣ የሆቴሉ ሹፌር ሊወስድ መጥቶ ቆሟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ትንንሽ ክንፋሞች ይነሱ ጀመር። እጮቹ ናቸው፤ ክንፍ አውጥተው ከውሃ እንደሚወጡ፣ ከዚያ በኋላም ዕድሜያቸው አጭር እንደሆነ ባለሙያዋ ነግራናለች። ነጩን ሲያዩ መጥተው አንሶላው ላይ አረፉ። ጥቂት ቆይቶ አንሶላው ሁሉ ነጠብጣብ ሆነ።

ልጃችን ደንግጦ መጥረጊያ ይዞ ሮጠ።

"ተው" አለው አባቱ። "እጅህን ሰብስብ።"

"አባዬ፣ ሰውዬው ቆሟል እኮ።"

ባሌ ተነሥቶ ወንበሩን ለሹፌሩ ሰጠው። "ቁጭ በል፣ ትንሽ ትጠብቃለህ" አለው።

"እስከ መቼ?" አለ ሹፌሩ፣ አንሶላውን በሥጋት እያየ።

"እስኪነሱ ድረስ" አለ ባሌ። "እዚህ ቤት የተቀመጠን አናስነሳም።"

እትዬ ከወንበራቸው ላይ፣ በጃንጥላቸው ሥር፣ ትክክል ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።