አርባው ካርድ

«የቀረው ስንት ቃል ነው?» አለ አሳታሚው፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ሟቹ ልጅ ጠጋ ብሎ። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል።

«ስድስት መቶ ገደማ።»

«አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሃያ ሁለት ዓመት መዝገበ ቃላቱን አልጨረሱትም። አንቺ ፈጣን ነሽ። በሁለት ወር ካደረስሽልኝ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«ሳትሄድ እነግርሃለሁ» አለችው። እሺ ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር።

እውነትም ፈጣን ናት። በመሥሪያ ቤቷ የሦስት ሰው ሪፖርት ብቻዋን ታግተለትላለች። አባቷ ግን በቀን አንድ ቃል ሠርቶ፣ እስክሪብቶውን ከድኖ ሽርሽር ይወጣ ነበር። «አባዬ፣ በዚህ አያያዝህ እኔም አርጅቼ አልቆ አላየውም» እያለች ታበሽቀው ነበር። አንድ ጊዜ ልታግዘው ብላ በቅዳሜና እሁድ አርባ ቃል በየካርዱ ጽፋ ጨረሰችለት። «ተባረኪ የኔ ልጅ» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ይኸው እስከ ዛሬ ስትኮራበት ኖራለች።

ጠና ያሉ አናጢ ገብተው «ያጽናሽ» አሏትና አጠገቧ ተቀመጡ።

«መላጊያ ለምትል አንዲት ቃል አባትሽ ሦስቴ መጥቶብኛል እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «‹ልጄ ጽፋልኛለች፣ ግን ደግሞ ልየው› አለኝ። በመጨረሻ እኔን አስቁሞ ራሱ ላገ። እጁ ውሃ እስኪቋጥር!»

ብድግ ብላ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና መሳቢያውን ሳበች። አርባዎቹ ካርዶች በክር ታስረዋል። የመላጊያው ላይ የእሷ ጽሑፍ አለ፤ «የእንጨት ማለስለሻ መሣሪያ።» አልሰረዘውም። ከሥሩ በራሱ ደቃቅ ጽሕፈት ጨምሮበታል፤ «በሁለት እጅ ተይዞ የእንጨቱን ፊት በስሱ የሚፍቅ፤ አገፋፉ ካላማረ የሚቦጭቅ።» ሌሎቹንም አገላበጠች። አንዱን ይዞ ጋጋሪ ዘንድ፣ ሌላውን ይዞ ጉድጓድ ቆፋሪ ዘንድ ሄዷል። በየካርዱ ላይ የጻፋቸውን ቀኖች ስታሰላ፣ አርባው ሁለት ዓመት ሙሉ ፈጅቶበታል! «አዘጋጅ» በሚለው መስመር ላይ፣ በአርባውም፣ «ልጄ» ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ አድጋ፣ ቀርፋፋ ነው ስትል መኖሯ አስደነገጣት።

አሳታሚው ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ጠበቃት። «እሺ፣ ሁለት ወር?»

«ሁለት ዓመት።»

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም። ለሌላ መስጠት መብትህ ነው። ካርዶቹ ግን ከዚህ ቤት አይወጡም።»

ትክ ብሎ አያት። «ቁርጥ አባትሽን!» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። «በይ እሺ፣ ሁለት ዓመት።»

ተመልሳ የመጀመሪያውን ያልተሠራ ካርድ አነሳች። በአባቷ እጅ ቃሉ ብቻ ሰፍሮበታል፤ «ጉንጉን።» ካርዱን እንደያዘች ሳሎን ገብታ፣ የአባቷ እህት እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጸጉሯን ፈታችው።

«እስቲ ጎንጉኚኝ አክስቴ። ቀስ ብለሽ።»

አክስቷ ጸጉሯን ለሦስት ከፈለችው። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያለቀሰች፣ እያንዳንዱን ዙር በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለች።