አሥረኛዋ ሠልጣኝ

«የችሎት ጸሐፊ ሥራ አያጣም» ትል ነበር አክስቷ አፏን ሞልታ። «ሰው እስከተካሰሰ ድረስ የሚጽፍ ይፈለጋል። የመድኃኒት ቤቱን ሥራ ተይውና ነይ፤ ስትጨርሺ በር ላይ ቆመው ነው የሚቀበሉሽ።»

አክስት እንዲህ ስትል ማን ይጠራጠራል? ሃያ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ የጻፈች፣ አሁን ደግሞ ሠልጣኞችን የምታስተምር እሷው ናት። ልጅቷ ቋሚ ሥራዋን ለቃ መጣች።

ስምንት ወር ጣቷን እስኪቆረጥማት ድረስ ተየበች። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው አክስቷ የቆየ የስብሰባ የድምፅ ቅጂ ለልምምድ ሰጠቻት፤ በጥድፊያ፣ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ እንኳ ሳታይ። ልጅቷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጀመረች። ፈጣን ጸሐፊ ነገሩን አይከተልም፤ ቃሉን ከጆሮው ወደ ጣቱ ያሳልፋል፣ በቃ። እንደዚያን ቀን ፈጥና አታውቅም። ደስ ብሏት ስህተት ልትለቅም ገጹን አትማ ከላይ ማንበብ ጀመረች።

የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፦ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የችሎት ንግግር የሚቀዳውም ወደ ጽሑፍ የሚለወጠውም በመሣሪያ ነው። አዲስ ጸሐፊ አንቀጥርም።

አሠልጣኟ፦ ለሠልጣኞቹ አሁን አይነገር። አሥር ካልሞሉ ክፍሉ ይዘጋል፤ እኔም ወደ መዝገብ ቤት መዛወሬ ነው። ዘጠኝ አሉ፤ አንድ ሰው አላጣም።

አሠልጣኟ ማን ናት? አክስቷ ናታ! ቅጂው ላይ የተጻፈውን ቀን አየች። ስብሰባው የተካሄደው አክስቷ «ነይ» ብላ ከመደወሏ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ባዳ ቢያደርገው ባልከፋት፤ የእናቷ እህት!

አክስቷ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ልታርም ገባች። ፈገግ እያለች ማንበብ ጀምራ መሀል ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

«ምን ላድርግ የኔ ልጅ? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።»

ልጅቷ ገጹን ከእጇ ነጠቀችና ዘጠኙ ሠልጣኞች ወደሚተይቡበት ክፍል አመራች። አክስቷ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

«እሺ፣ እኔን ለምን?» አለቻት ልጅቷ፤ እንባዋ መጣ። «ከሰው ሁሉ እኔን? ሌላ ሰው አጣሽ?»

«ሌላ ሰውማ ያጣራል» አለች አክስቷ አንገቷን ደፍታ። «አንቺ ግን ታምኚኛለሽ።»