የእድሩ ክፍል

ብሩክታይት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው አታምንም ነበር። ቢቸና ገበያ ላይ እህል ስትገዛም ቅቤ ስትሸጥም ቃሏን ትሰጣለች፣ ቃል ትቀበላለች፣ አለቀ። ፊደል የቆጠሩት ነጋዴዎች ደብተር ሲያገላብጡ ካየች «እዛ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ? ትናንት ያላችሁት ጠፋባችሁ?» ትላቸዋለች። አርባ ዓመት እንዲህ ስትኖር «ብሩክታይት ከዳችኝ» ያለ ሰው አልነበረም። ሌላው በልጁ ወይም በበሬው እንደሚኮራ እሷ በዚህ ትኮራለች። እንዲያውም አብዝታዋለች።

ሞጣ ላይ ቤት መግዛት ያስለመዳት ዘመነ የሚባል ደላላ ነው። «እትዬ፣ አስፋልት ዳር ያለውን ቤት ሁሉም ያየዋል፣ ዋጋው አይቀመስም» አላት። «ድሃ ሰፈር ይግቡ። ድሃ ቤት መግዛት አይችልም፣ መከራየት ግን ግዱ ነው።»

ነገሩ ገባት። ጎርፍ ሰፈር በሚሉት፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ በሚተኛበት ሰፈር፣ በሁለት ዓመት ሁለት ግቢ ገዛች። ኪራዩን ዘመነ ይሰበስባል፣ እሷ ቢቸና ተቀምጣ ትቀበላለች። የአንዱንም ቤት ጣራ ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ተከራዮቹ ደውለው «ጣራው ያፈሳል» ሲሏት «ክረምት ነው፤ የማያፈስ ሰማይ የት አይታችኋል?» ትላለች። ይህን ገበያ ላይ ስታወራው ሰው ይስቅላታል። ያን ጊዜ እሷም ትስቅ ነበር።

ሦስተኛው ግቢ የአቶ በላቸው ነበር። በላቸው በዘበኝነት ጡረታ የወጡ፣ ኩላሊት የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ባሕር ዳር ለመታከም ነው ቤታቸውን ለገበያ ያወጡት። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ስላላቸው በነጠላ ጫማ ወጥተው ተቀበሏት። ብሩክታይት እግሩን አይታዋለች። የቸኮለ ሻጭ ምን እንደሚመስል ነጋዴ አይስተውም።

«ጎርፍ ሰፈር ነው እንግዲህ» አለች። «ሌባውም ውሃውም እኩል ይገባበታል። ከእኔ ሌላ ይህን ማን ይገዛል?»

በላቸው አንዴ ቀነሱ። ዝም ስትላቸው ደግመው ቀነሱ። ከዚያ በከዘራቸው የግቢውን ጥግ አመለከቱ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ። አራት ክፍል ነው የሚያዩት፤ ያቺ የጥጓ ግን የእኔ አይደለችም። በግቢዬ ትቁም እንጂ የእድሩ ናት። ሰፈሩ ጭቃውን ረግጦ፣ ቆርቆሮውን አዋጥቶ የሠራት ነች። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ እዚያ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሰው ሲሞትበት ዕቃውን ከዚያች ክፍል ነው የሚያወጣው። እሷን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

«አልነካም።»

«ውሉ ላይ ላስገባው?»

ብሩክታይት ቅር አላት። «እኔ ቃሌን ሰጥቼ ወረቀት ተጠይቄ አላውቅም። ቢቸና ሄደው ይጠይቁ።»

በላቸው አፈሩ። እንግዳ ያስቀየሙ መሰላቸው። በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊው ውሉን ሲያነብ «አራት ክፍል» አለ። አንዳቸውም አልተነፈሱም። ብሩክታይት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች፤ በላቸውም ፈርመው፣ ባሕር ዳር እየተመላለሱ ለመታከም እዚያው ሰፈር ከልጃቸው ከምሥራቅ ዘንድ ተጠግተው ተቀመጡ።

ሰኔ ላይ ዘመነ ቢቸና ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ያቺ የጥጓ ክፍል እኮ ዝም ብላ ተቀምጣለች። አስተማሪ ይገባባት ነበር።»

«እሷ የእድሩ ናት።»

«ማን አለ? ውሉ አራት ይላል። በአፍ ብለው ይሆናል፤ የአፍ ነገር ፍርድ ቤት አይቆምም።»

በዚህች ቃል በጥፊ ልትለው ይገባ ነበር። እሷ ግን «እስቲ አንብበው» አለችው። አነበበላት። አርባ ዓመት ስትስቅበት የኖረችው ወረቀት ተነሥቶ ለእሷ ወገነ። ጣፈጣት፤ መደበቅ አያስፈልግም፣ ጣፈጣት።

«እንግዲያው ድንኳኑም ኪራይ ይክፈላ» አለች።

ዘመነ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ነገሩ ገበያውን ዞረ፣ «የብሩክታይት ድንኳን» ተብሎ ተሳቀበት። ሞጣ ሄዳ ክፍሏን በአዲስ ትልቅ ቁልፍ አስቆለፈችና፣ ዘመነንም ስለማታምነው መክፈቻውን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። የእድሩ ዳኛ ጨርቅ ነጋዴው ሐምዱ ናቸው፤ እሳቸው በትሕትና ደወሉ።

«የወሩ ስብሰባ እስኪደርስ ይታገሡን ወይዘሮ ብሩክታይት። አባሉ ይምከርበት።»

«ምከሩ። እስከዚያ መክፈቻው እኔ ዘንድ ነው።»

ስብሰባው ሳይደርስ ነሐሴ ገባ፣ ጾመ ፍልሰታ ተያዘ። ብሩክታይት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጣ ቅዳሴ ስትሰማ ስልኳ ነጠላዋ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ስም ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች፤ መጨረሻው ሁለት ሰባት ከሆነ ከበላቸው ግቢ የምትኖረው ተከራይዋ ዘይዳ ናት። «ጣራ ነው» አለች በልቧ፣ ዘጋችው። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጠራ። ማታም ጠራ። ዘጋችው፣ ዘጋችው። ጾም ይዛ ስለ ጣራ መነታረክ አልፈለገችም።

በማግሥቱ ጧት የደወለው ዘመነ ነው።

«እትዬ፣ አቶ በላቸው ዐርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ቀጥላ አንገቷን ዳሰሰች። «ሰዉ የት ተቀመጠ?»

«ሰዉማ ብዙ ነበር» አለ ዘመነ።

«አንተ፣ ሰዉ የት ተቀመጠ ነው የምልህ።»

«ዝናብ ላይ።»

«ቁልፉን አይሰብሩትም ነበር?»

«እኔም ብያቸዋለሁ። ሐምዱ እምቢ አሉ። ‹የሰው ቤት አንሰብርም፣ ሌባ መባሉ ይበቃናል› አሉ።»

ብሩክታይት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ ዝናቡ አላቆመም፣ መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ለቅሶ ነው? ማን ሞቶብዎት?» አለቻት።  ወዳጅ አይደሉ፣ ዘመድ አይደሉ። «ቤት የሸጡልኝ ሰው» ብትል ሴትዮዋ ምን ትላታለች? የተኛች መስላ ዓይኗን ጨፈነች።

የምሥራቅ ቤት ከገዛችው ግቢ ፊት ለፊት ነው። ለቀስተኛው አጥር ለአጥር በተወጠረ የማዳበሪያ ላስቲክ ሥር፣ ድንጋይና ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ላስቲኩ መሐሉ ረግቦ ውሃ አቁሯል፣ ከጫፉ ሰዉ ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። ሁሉም የተቀመጡት ፊታቸውን ወደ እሷ ግቢ አዙረው ነው፤ ሌላ ማዞሪያ ቦታም የለም። ያ ቁልፍ ከጭቃው ግድግዳ ላይ ብቻውን ያብረቀርቃል።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች።

«አሜን» አሉ።

ቀጥ ብላ ሄዳ ከፈተች። መክፈቻው ከማተቧ አልላቀቅ ብሏት አንገቷን ወደ ቁልፉ ዝቅ አድርጋ፣ እንደታሰረ ነው የከፈተችው። ሰዉ ያያታል። ድንኳኑ ተጣጥፎ ደርቆ ተኝቷል፤ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል። ጫፉን ይዛ ጎተተች፣ አልተነቃነቀላትም። ደግማ ጎተተች። የሚያግዛት አልተነሣም። በመጨረሻ ዘይዳ መጣች።

«ይተዉት እትዬ፣ ወገብዎን ይጎዳሉ።»

«ምነው አጥብቀሽ ብትደውዪ?» አለች ብሩክታይት። አመሏ ነው፣ ስታፍር ትቆጣለች።

«ሦስት ጊዜ ደወልኩ።»

«ለጣራው መስሎኝ ነዋ።»

«ለጣራውማ መደወል ከተውኩ ቆየሁ» አለች ዘይዳ፣ የድንኳኑን ሌላ ጫፍ እያነሣች።

ሁለቱ ሴቶች ጭቃ ላይ እየጎተቱ አወጡት። ያን ጊዜ ወንዶቹ ተነሡ፤ ለእሷ ብለው ሳይሆን ዘይዳ ብቻዋን ስትለፋ ማየት ስላልቻሉ። ድንኳኑ ቆመ። ዘይዳ በሰሐን ንፍሮ አቀረበችላት። ብሩክታይት አንድ ፍሬ ብቻ ቀመሰች። ሰሐኑን አስቀምጣ ወደ ሐምዱ ዞረች።

«ከለቅሶ የቀረ ሰው በእድር ይቀጣል አይደል? ቅጡኝ።»

ሐምዱ የረጠበ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እኛ የምንቀጣው የራሳችንን ሰው ነው» አሉ። ቢቆጡባት ትመልስ ነበር። አልተቆጡም።

«እንግዲያው ስሙኝ። ክፍሏ የእድሩ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የሚነካት የለም። ቃሌ ነው።»

 አንዲት አሮጊት ከኋላ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማች። ምሥራቅ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል።

«ለአባቴም እንዲሁ ነበር ያሉት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ከዚች በር ላይ ተቀምጦ ያን ቁልፍ ሲያይ ነው የከረመው። እኛ ስንናደድ ‹ረስታው ነው፤ ስትመጣ ትከፍተዋለች። እሷ ቃሏን የምትበላ ሴት አይደለችም› ይለን ነበር። እስከ ትናንት ወዲያ።»

ብሩክታይት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መክፈቻ በነጠላዋ ሸፈነችው።  

«አይቀየሙን ወይዘሮ ብሩክታይት» አሉ ሐምዱ። «ከበላቸው ጋር ሠላሳ ዓመት በአፍ ኖረናል። ከእርስዎ ጋር ግን ወረቀት ይሁን።»

«ይሁን» አለች።

ያን ሌሊት ዘይዳ ዘንድ አደረች። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ዘይዳ ምንም ሳትላት ድስቱን ከአልጋው እግር ወደ ራስጌው አዛወረችው። ሲነጋ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ጸሐፊው አዲሱን ወረቀት አነበበ። ሦስት ክፍል የእሷ፣ አንዷ የጎርፍ ሰፈር እድር። አውራ ጣቷን ነክራ አሳረፈች። ሐምዱ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ አመሰገኑ፣ ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ። ነዪ ወይም ሂጂ ያላት የለም።

ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ዋለች። ሰሎሜ የምትባል የገጠር ደንበኛዋ ሁለት እንስራ ቅቤ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ጾሙ እስኪፈታ ያስቀምጡልኝ። መንገድ ላይ ይዤው ልዞር አልችልም።»

«ምስክር አቁሚ።»

«የምን ምስክር? የእርስዎ ቃል ይበቃኛል።»

ብሩክታይት አጠገቧ ወዳለው እህል ነጋዴ፣ በደብተሩ ስትስቅበት ወደኖረችው ወደ ሽመክት ዞረች።

«እስቲ ደብተርህን አምጣና ጻፍላት። ሁለት እንስራ፣ የሰሎሜ፣ እኔ ዘንድ ያለ። ወረቀቱን ቅደድና ስጣት።»

ሽመክት እስክሪብቶውን ይዞ ፈዘዘ፤ ከዚያ ብድሩን የሚመልስበት ቀን እንደደረሰለት ሰው ፈገግ አለ።

«ምነው እትዬ፣ ትናንት ያሉት ጠፋብዎት?»

«አዎ» አለች ብሩክታይት። «ጠፋብኝ። ጻፍ።»

ቀለሙ ገና ያልለቀቀውን አውራ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው።