አንቺ እንዳልሽ

«ወንድሜ የልጅ ልጅ እንኳ ሳያይ ሄደ» አለች አክስቱ፣ ድምፅዋን የቀነሰች መስሏት። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ሰማ።

የሟቹ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቀና ብሎ ማዶ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። አክስቱ ምን አውቃ።

ጎረቤቶቹ «ሬዲዮ» የሚሏቸው ሽማግሌ ዝምታውን ሊሰብሩ ተጣደፉ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ አባትህ ሱሪዬን አሳጥሮብኝ ይኸው በስተርጅና ጎረምሳ መስዬ እዞራለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሱም ለወጉ ፈገግ አለ።

ሚስቱ ማርገዟን የነገረችው፣ አባቱ በሕይወት ሳለ፣ የተበላሸ ካውያ ሲፈታ ነበር። «አሁን መውለድ አልችልም» አለችው። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«አንቺ እንዳልሽ» አላት፣ ዓይኑን ከካውያው ሳያነሳ። ሸክሟን ያቀለለላት መስሎት ነበር። ክሊኒክ ወሰዳት፤ ጽንሱ ወጣ፤ ወደ ቤት መለሳት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ማዘኑን ቢነግራት የወቀሳት እንዳይመስላት ፈራ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባቱ ልብስ በሚሰፋበት ሱቅ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ እንደወጣ እንባው ቀደመው። አባቱ መቀሱን አስቀመጠ። ምን ሆነህ አላለውም። በሩን ዘጋ፤ ልጁ እስኪወርድ ጠበቀና አጠገቡ ቁጭ አለ። ደንበኛ ሲያንኳኳ «ዛሬ ሥራ የለም» አለ። እንደዚያው ተቀምጠው መሸ።

አሁን የሚገባው ሰው ሁሉ እሱን ያቅፋል። እሷን ሻይ አምጪ፣ ብርጭቆ አንሺ ይሏታል።

ተነሳ። ክፍሉን አቋርጦ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምነው? ምን ላምጣልህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምንም። አትነሺ።» ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «የከፋኝ በአባቴ ሞት ብቻ አይደለም። ያን ቀን አንቺ እንዳልሽ ብዬ ብቻሽን ተውኩሽ።»

ሻሿን የምትጠቀልልበት ጣቷ ቆመ። «እኔ እኮ» አለች፣ «አንተ የረሳኸው መስሎኝ ነበር።»

የአባቱ የድሮ ደንበኛ ገብቶ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋለት። «አይዞህ ወንድሜ።»

እሱም የሚስቱን እጅ ከጭኗ ላይ አንስቶ በሰውየው መዳፍ አኖረው፤ የራሱን ከላይ ደረበበት። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ሁለቱንም ጥብቅ አድርጎ ያዘ።