የቤቱ ክኒን

«ዋጫትና የቤቱ ልጅ ሁኚ» አሉኝ የባሌ አባት።

መዳፋቸው ላይ ያለችው ግራጫ ክኒን ሽንብራ ታክላለች። ከአያታቸው ለአባታቸው፣ ከአባታቸው ለእሳቸው የደረሰች የሆድ ድርቀት መድኃኒት ናት። ትዋጣለች፣ ሥራዋን ሠርታ ትወጣለች፣ ታጥባ ወደ ብልቃጧ ትመለሳለች። አዎ፣ ያችው ራሷ!

ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እናቱ በሩ ላይ ቆመው መሐረባቸውን ያሻሉ። ሙሽራ በገባች በሳምንቷ አማቷን «መርዝ ይዘዋል» ብትል ምን ይባላል? ግን እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ምላሴም መቼ ታግሦ ያውቃል።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ይቺ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ናት። ድሮ ሐኪሞችም ያዟት ነበር። ሆድ መርዝ ሲገባበት ጠራርጎ ሊያስወጣው ይጣደፋል፤ ሰው ይኼን አይቶ ‹ፈወሰችኝ› አለ። ቶሎ ስለማታልቅም ቤተሰብ ይወራረሳታል። ግን በተዋጠች ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትሟሟለች፤ ልብና ጉበት ትጎዳለች። እኔ አልውጣትም፤ እርስዎም ሁለተኛ አይዋጧት!»

በቃ ጉዴ ፈላ፣ ሻንጣዬን ላዘጋጅ ስል ሰውየው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«መርዟንማ እሷ ድሮ ጥላታለች!» በአገጫቸው ወደ ሚስታቸው ጠቆሙ። «ይቺ ካረጀ የመኪና ኩሽኔታ የወጣች የብረት ብይ ናት።»

የእናትየው መሐረብ ወደቀ። «ታውቅ ነበር?»

«መካኒክ አይደለሁ እንዴ? ኩሽኔታ ይጠፋኛል?»

«እያስታወከህ ስትወድቅ ዝም ብዬ ልይህ? ለወጥኳት! አንተስ እያወቅክ ብረት ትውጣለህ?»

«ማን ዋጣት? ከምላሴ ሥር ወሽቄ ውሃውን እጠጣለሁ። አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ጠጥቶ ሆዱ የሚደርቅ ማን ነው?»

«እኔ ሞኟ ደግሞ ይኼን ሁሉ ዘመን በበረኪና ሳጥባት!»

ባሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወንበሩ ላይ ተጠቀለለ። እናትየው ግን አልለቀቋቸውም። «ለምን አልነገርከኝም?»

አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የለወጥሻት ቀን ብልቃጡን ስታቀብዪኝ ነገሩ ገባኝ። እንዳልሞትብሽ ፈርተሽ ነው። ከዚያ በፊት እንደዚያ የፈራልኝ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዋጫት ያልኩሽ ልፈትንሽ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አንቺ ‹እርስዎም አይዋጧት› አልሽኝ። ሌላ ምን ቀረ? የቤቱ ልጅ ነሽ።»

አለቀስኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ባሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔስ?» አለ።

«አንተማ ጣሪያህን ጠብቅ» አልኩት።