ከማዶ የመጣች ሙሽራ

አሞኬ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ አካራ የሚሉት የባቄላ ጥብስ ሽታ ተከትሏት ገባ። ሳህኑን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ተቀመጠች።

«ብይ፣ ሙሽራ።»

«በላሁ እኮ፣ ባሌ።»

«አንቺ አልበላሽም፤ የበላው ዝንቡ ነው። ላዋኒን ተከትለሽው ልትሄጂ ከሆነ ንገሪኝና ለሁለታችሁም ባንድ ላይ ላልቅስላችሁ፤ ጉሮሮዬ ሌላ ዙር አይችልም።»

ሰላማቱ ሳታስበው ፈገግ አለች። በዚህ ግቢ ሙሽራ ሆና የገባች ሴት፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት እዚያ የተወለደውን ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ «ባሌ» ብላ ነው የምትጠራው። የሟች ባሏን የላዋኒን ታላቅ እኅት አሞኬን «ባሌ» ስትላት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። አሞኬም ፀጉሯ የሸበተውን ሴት ዛሬም «ሙሽራ» ትላታለች።

የበረሃው ነፋስ ከተነሣ ሰንብቷል። ፀሐይዋ አቧራው ውስጥ ነጭ ሳህን መስላ ተንጠልጥላለች። ለቅሶ ደራሾች ግቢውን ሲያቋርጡ ከፊታቸው በፊት ድምፃቸው ነው የሚመጣው። ሰላማቱ ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፏና ንቃቷ ተቀላቅሎባታል። ዓይኗን ስትጨፍን ወንዙን ታያለች፤ ሰፊውን፣ ቡናማውን፣ ዝም ያለውን። ሌላው ሰው ናይጀር ይለዋል። የእሷ ሰዎች ኤዱ ይሉታል። ስትገልጥ ደግሞ የቤቱ ጣሪያ አለ፣ ከጣሪያውም በታች የከተማው ሴቶች ሹክሹክታ አለ፤ «አላኬ ምን ያህል ከሳች! ምስኪን አላኬ!»

አላኬ የተባለችው እሷ ናት። የእሷ ሰዎች ከወንዙ ማዶ መሆናቸውን ግን ከተማው አያውቅም።

ላዋኒ ቆብ ሰፊ ነበር። በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ የሚሰፋቸው፣ ጆሯቸው ወደ ጎን የታጠፈ ቆቦች እስከ ኢባዳን ይሄዱ ነበር። ወጣት ሳለ ገበያ መሃል ጠረጴዛ ላይ እየወጣ ይናገራል። «እንግሊዝ በማስመሪያ አሰመረብን» ይላል፤ «የአክስቴ ልጅ ከመስመሩ በታች ነው፣ ምዕራብ ይባላል። እኔ ከመስመሩ በላይ ነኝ፣ ሰሜን እባላለሁ። አንድ አያት፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ጌታ። እኛ ዮሩባዎች ሁላችን የአባታችን የኦዱዱዋ ልጆች ነን፤ ወደ ወገኖቻችን መልሱን።» ሰዉ ቆቡን እያወለቀ ወደ ላይ ይወረውርለት ነበር። ለዚህ ንግግሩ ታሰረ፤ ወንዝ አሻግረውም የሰሜኖቹ ወገን በሆኑት በኑፔዎች ከተማ ውስጥ አስቀመጡት።

እስረኞቹ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ሣር ያጭዱ ነበር። ሰላማቱና እናቷ ደግሞ እዚያው ዓሣ በጢስ ያደርቃሉ። ረጅሙ እስረኛ ውሃ ለመነና ሰጠችው። በማግሥቱ ውሃ በኑፔ ምን እንደሚባል ጠየቃት። ቀጥሎ ዓሣን፣ ጢስን፣ ጀልባን ጠየቃት። እየቆየ ጠባቂው ሳያይ ልብን ጠየቃት። ሲፈታ ሽማግሌ ይዞ አባቷ ደጅ ቆመ።

ተጋብተው ወደ እሱ አገር ሲሻገሩ፣ ጀልባው ላይ ሳሉ ነው ፊቱ የጠቆረው።

«ሊታገላቸው ሄዶ አግብቶ መጣ ይሉኛል።»

«እና ምን ልሁን?» አለችው።

«ዮሩባ ሁኚ። በድሮ ጦርነት የተማረከች የዮሩባ ሴት የልጅ ልጅ ነሽ እንበል። ለሰው አላኬ ነሽ። ለእኔ ሰላማቱ።»

ልጅ ነበረችና ሳቀች። ጨዋታ መስሏት ነበር። የጨዋታውን ቀሪ ክፍል የሠራችው አሞኬ ናት። እያንዳንዱ ሰው በአያቶቹ ስም የሚወደስበትን የቤተሰቡን ውዳሴ በቃሏ የምታውቅ እሷ ነበረችና፣ ወንድሟ ሲለምናት አንዲት የተማረከች አያት፣ አንድ የጦር አለቃ፣ አንድ የጠፋ መንደር ፈጥራ ለሙሽራዋ የራሷ ውዳሴ ሠራችላት። ሰላማቱ በየማለዳው ሰላም ልትላት ተንበርክካ፣ አሞኬ የምታዜምላትን የማታውቃቸውን አያቶቿን ስም ስትሰማ ኖረች። አንዳንድ ቀን እውነት ይመስላት ነበር፤ ያችን ያልነበረች አያት በሕልሟ አይታት ታውቃለች።

አመሻሽ ላይ ግን በሩ ይዘጋል። ላዋኒ መርፌውን ያነሣና «እስቲ አውሪኝ» ይላታል። እሷ በኑፔ ታወራለታለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ጥርስ፣ ስለ ምንም። እሱ አንገቱን ደፍቶ እየሰፋ ይሰማል።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ያ የገበያ ቀን እስኪመጣ። በድንበር ምክንያት ጠብ ተነሥቶ፣ ላዋኒ በንግግሩ ያሳደጋቸው ወጣቶች የኑፔ ዓሣ ሻጮችን ከገበያ አባረሩ። እሱ እጁን አላነሣም። አላስቆማቸውምም። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ አየ። ቅርጫቷ የተደፋባት አንዲት አሮጊት አጠገባቸው ስታልፍ ሰላማቱን ቀና ብላ አየቻትና በኑፔ «ልጄ፣ መንገዱ በየት ነው?» አለቻት። ሰላማቱ እንዳልሰማ ሰው ፊቷን አዞረች።

የዚያን ዕለት ምሽት ላዋኒ «እስቲ አውሪኝ» ሲላት በዮሩባ «ምን ልበልህ?» አለችው። ዳግመኛ አልጠየቃትም። ጠረጴዛ ላይም ወጥቶ አልተናገረም። ከተማው «አረጀ» አለው። ክፍላቸው ውስጥ ኑፔ ሳይሰማ ዓመታት አለፉ።

ትኩሳቱ ሲይዘው ነው ቋንቋው የተመለሰው። ዮሩባው ሁሉ እንደ ልብስ ወልቆ ቀረና በኑፔ ብቻ ውሃ ለመነ። ሰላማቱ ውሃውን ሰጠችው፤ በእነዚያ ዓመታት የዘጋችበትንም ወሬ ሁሉ እስኪነጋ አወራችለት። አሞኬ በሩ ላይ ተቀምጣ ጠያቂዎችን ትመልስ ነበር። «ይቃዣል፤ ትኩሳት ነው። ሂዱ፣ ነገ ኑ።»

አንድ ሰው ግን ገብቶ ሰምቷል። ልጃቸው ሙፉታው።

አሁን ያው ልጅ መጋረጃውን ገልጦ ገባና መሬት ነክቶ እናቱን ሰላም አለ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አገሩን የሚገዙት ወታደሮች ምርጫ ፈቅደው፣ ሙፉታው ለአካባቢው ምክር ቤት ሊቀመንበርነት ሊወዳደር ነው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ግቢውን የሞሉት የፓርቲው ሰዎች ናቸው።

«እማ፣ ከማዶ መልእክት መጥቷል። ነገ ለስምንተኛው ቀን ጸሎት አንድ ሰው ይመጣል።»

«ጂያ ነው» አለች ሰላማቱ። «ወንድሜ ነው።»

ሙፉታው አሞኬን ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባባ የጨርቅ ደንበኛ ነው እንበል። ምርጫው እስኪያልፍ ብቻ። እናቱ ኑፔ ናት ከተባለ ማን ይመርጠኛል? አባባም ያደረገው ይኼንኑ አይደል?»

«አዎ» አለች። «አባትህም ያደረገው ይኼንኑ ነው።»

መልስ አግኝቶ ይሁን ሳያገኝ ሳይገባው ወጣ። አሞኬ ከሳህኑ አንድ አካራ አንሥታ ራሷ በላችው።

በማግሥቱ አቧራው ከትናንቱ ባሰ። ሼሁ ቁርኣኑን ሲቀራ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር። ሰላማቱ ሐዘንተኛ ሚስት እንደሚገባት ከመጋረጃው በስተኋላ ተቀምጣለች። በቀዳዳው የሚታያት የቆብ ብዛት ነው። ግማሾቹን ላዋኒ ነው የሰፋቸው፤ በአሰፋፉ ለየቻቸው። ከዳሱ ጥግ፣ ፍየሎቹ ከታሰሩበት አጠገብ፣ ሰማያዊ ጀለቢያ የለበሰ ሽማግሌ በጢስ የደረቀ ዓሣ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። መጀመሪያ አባቷ መሰላት። አባቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ጂያ መሆኑን አወቀች፤ ወንድሟ የአባታቸውን ዕድሜ ደርሷል።

ጸሎቱ ሲያበቃ የፓርቲው ሰብሳቢ አዲጉን ተነሣ። ወፍራም፣ ድምፀ መልካም ሰው ነው።

«ላዋኒ የዮሩባን ስም ከፍ ያደረገ ሰው ነበር» አለ። «በሰሜኖቹ እስር ቤት እንኳ ወገኑን አልረሳም። ከመካከላቸው ምርኮኛ ልጃችንን አውጥቶ፣ አላኬን ወደ አባቶቿ ቤት መለሳት። ልጁም ሙፉታው በዚሁ ደም ይቀጥላል።»

ሰዉ አጨበጨበ። ጂያ ዮሩባ አይሰማም፤ ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ አይቶ እሱም ዓሣውን ጭኑ ላይ አመቻችቶ አጨበጨበ።

ሰላማቱ ተነሣች። እግሮቿ ውሃ ውስጥ የቆሙ ያህል ከብደዋታል። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ወንዶቹ መካከል አለፈች፤ ፍየሎቹ አጠገብ ደርሳ ወንድሟ እግር ሥር ተንበረከከችና በኑፔ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጂያ፣ እንኳን መጣህ» አለችው። ሽማግሌው ሁለት እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«እናታችን» አለ አዲጉን፣ «ሰውዬው ማነው?»

«የእናቴና የአባቴ ልጅ ነው። እኔ ኑፔ ነኝ። ላዋኒ ከወንዝ ማዶ ነው ያገባኝ። ያወጣኝ ከባርነት አይደለም፣ ከአባቴ ቤት ነው። ሲሞትም በቋንቋዬ እያወራ ነው የሞተው።»

ሙፉታው መሬት መሬት ያያል። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን አሞኬ ላይ ጣለ፤ የቤቱን ዘር የምታውቀው፣ የቤቱንም ክብር የምትጠብቀው እሷ ናት። አሞኬ ወገቧን ይዛ ተነሣች። ጂያ ፊት ቀስ ብላ፣ ለአማች እንደሚደረገው፣ ሁለት ጉልበቷን መሬት አስነካች። ከዚያ አፏን ከፍታ ወንድሟን ማወደስ ጀመረች፤ አያቶቹን፣ መርፌውን፣ ገበያው ላይ ያሰማውን ድምፅ። ወደ ሚስቱ ስትደርስ አቆመች። ያ ራሷ የሠራችው ውዳሴ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ሙሽራ፣ የአባትሽ ስም ማነው?»

«ንዳጊ። ዓሣ አጥማጅ ነበር።»

አሞኬ ስሙን እንደ ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያም በተሰበረ ድምፅ፣ ዜማው እየተዛነፈባት፣ «የንዳጊ ልጅ» አለች፤ «ወንዙን ለእኛ ብላ የተሻገረች፣ ስሟን ያስቀየርናት፣ የንዳጊ ልጅ።» ሴቶቹ መጀመሪያ አመነቱ፣ በኋላ ግን ተቀበሏት።

አዲጉን ምግቡን ሳይቀምስ ሄደ። ከኋላው ብዙ ቆብ ተነሥቶ አቧራው ውስጥ ጠፋ። ሁሉም ግን አልሄደም፤ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ሩዙን በላ፤ ጂያንም በምልክት ስለ ዓሣው የጠየቁት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከፓርቲው ሰው መጥቶ ሙፉታውን በር ላይ አነጋገረው። ወሬው አጭር ነበር፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ይቀርባል።

ሙፉታው አጎቱን እስከ መኪና ማቆሚያው ሸኝቶ ሲመለስ ነፋሱ በርዶ ነበር። እናቱ ክፍል በር ላይ ብዙ ቆመ። የሚቆጣ መስሏት ጠበቀችው። ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ ላዋኒን ከእስር በተፈታ ቀን ይመስል ነበር።

«ምንም ሳንነጋገር እስከ መኪናው ሄድን» አለ በመጨረሻ። «እጄን አልለቀቀኝም።»

ሰላማቱ ምንጣፉ ላይ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ከቀብሩ ወዲህ ሰውነቷ ያልነካው ወገን ነበር፤ ላዋኒ የሚተኛበት። የራሷን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ለልጇ ለቀቀችለት።