የአህያዋ ጭነት

የአገሩ ሠራዊት ወራሪዎቹን አሜሪካኖች ላ አንጎስቱራ በተባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ድል አድርጎ ተመለሰ ተብሎ ስለታወጀ ሳን ሉዊስ ከተማ በሙሉ በየደጃፉ ወጥቷል። ፊት ፊት የተማረኩት መድፎች ይጎተታሉ። ድል አድራጊው ሠራዊት ግማሹ በባዶ እግሩ፣ ግማሹ የጓደኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይከተላል። ፔትሮኒላ አህያዋን እየነዳች፣ ባሎቻቸውን ተከትለው ከዘመቱት የወታደር ሚስቶች ጋር መጨረሻ ላይ ነበረች። አንዲት ወይዘሮ ከሰገነት አበባ በተነችባቸው።

«እሜቴ፣ አበባውን ይተዉትና ባቄላ ይወርውሩልን!» አለች ፔትሮኒላ።

ሴቶቹ ሳቁ። «የአንቺን ምላስ ለመድፍ ብናጎርሰው ኖሮ ጠላት እስከ ባሕሩ ይሮጥ ነበር» አለች አንዷ።

ፔትሮኒላ ግን ዓይኗ ወደ መንገዱ ማዕዘን ሄዷል። ማዕዘኑ ላይ አበልጇን ወይዘሮ ኩስቶዲያን አየቻት። ሴትዮዋ የእሑድ ነጠላዋን ለብሳለች፤ ለልጇ ለሊብራዶ የቀቀለችውን ትኩስ ምግብ በቅርጫት ይዛለች።

ሠራዊቱ ሲዘምት ሊብራዶን ለፔትሮኒላ አደራ የሰጠቻት እሷ ነበረች። «ለባልሽ ቂጣ ስትጋግሪ ለእሱም አንድ ጨምሪ» ብላ። ፔትሮኒላም እስከ ውጊያው ቀን ድረስ ጨምራለች። ከዚያ ድል አደረግን እየተባለ፣ ወደ በረሃው አፈግፍጉ ተባለ። ሊብራዶ ጭኑን ተመትቶ መንገድ ላይ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቁስለኛ የሚጫንበት ጋሪ አልነበረም።

«እትዬ ፔትሮኒላ፣ አህያዋ ላይ ቦታ አለ?» አላት።

አህያዋ ላይ ወፍጮዋና መጁ ነበሩ። ወፍጮ የሌላት ሴት ለባሏ ምን ፈጭታ ታበላዋለች? ወታደር ሲርበው ቂጣ ወዳላት ይሄዳል፤ ስንቷ ባሏን እንዲህ ተነጥቃለች። «ተመልሼ እወስድሃለሁ» አለችው። ልጁም አመሰገናት። እሷ ግን አልተመለሰችም። ወፍጮ በየገበያው ይሸጣል፤ ይህን ያኔም ታውቅ ነበር።

አሁን በጓሮ መንገድ ልትዞር አሰበች። ኩስቶዲያ ቀድማ አየቻት።

«አበልጄ! እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! የኔስ ልጅ? ከመድፎቹ ጋር ነው አይደል?»

‘ከቁስለኞቹ ጋር ከኋላ ይመጣል’ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን እንዲያ ካለቻት ሴትዮዋ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚሁ ማዕዘን ላይ ቅርጫቷን ይዛ ትቆማለች።

«የለም» አለች። «ቆስሎ ነበር። መንገድ ላይ ትቼው መጣሁ። አህያዋ ላይ ወፍጮዬን ጭኜ ነበር።»

ኩስቶዲያ አህያዋን አየች፤ ድንጋዩን አየች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችውና የፔትሮኒላን ትከሻ መታ አደረገች።

«ወይ አንቺ ባለጌ! ይህን ቀልድሽን በረሃ እንኳ አልገራውም? ነይ ንገሪኝ፣ የት ደበቅሽው?» በእግር ጣቶቿ ቆማ በሰዉ ትከሻ ላይ ማየት ጀመረች።

ከኋላ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። በመንገድ ሁሉ ያሳቀቻቸው ፔትሮኒላ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«አልቀለድኩም» አለች።

«ምን አልሽ? ጩኺ እንጂ፣ ሕዝቡ አላሰማኝም!»

ፔትሮኒላ ጮኻ ደገመችው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማት።